ጧሪ ቀባሪ የሌላት

ጎተንበርግ፣ ስዊድን
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለአማረ፤ ይጁቤ

አማርዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ወፍጮህ ይዞራል? ወገብህስ ተሻለው? ልጄ ጸጋውስ፣ ሚስቱ የኔአለምስ፣ ከብቶቹስ እንደምን አሉልኝ? እኔ መድኃኔዓለም ክብሩ ይስፋ ደህና ነኝ። የልጄ የሩሃማ ሕፃንም ጡቱን ለምዳ ድምቡሽ ብላለች። አያቷን ትመስላለች ይሉኛል፤ እኔ ግን በቁጣዋ አንተን ነው የምትመስለው ብያለሁ።

ብርዱን አልነግርህም፤ ብነግርህም አታምነኝም። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ጎረቤት የሚባል አለ፣ ግን ደህና አደርክ ሲሉት ይደነግጣል። ከሁሉ የከፋኝ የእናንተን ድምፅ ማጣቴ ነው። ሩሃማ በየቀኑ ትደውላለች፤ ስልኩ አይጠራም። እዚያው ይጁቤ የሚያስተምረው፣ ድረስ የሚባለው መምህር፣ ደብረ ማርቆስ ሲገባ በመከራም ቢሆን ፎቶ ማውረድ ይችላል አለችኝ። ስለዚህ ይህን በእጄ የጻፍኩትን በስልኳ አንስታ ትልክለታለች፤ እሱም አትሞ ያመጣልሃል። የናንተንም እንደዚሁ ያድርግልን። በመሠረተ ትምህርት ፊደል መቁጠሬ ለዚህ ቀን ጠቀመኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። የመጣሁበት ቪዛ ታኅሣሥ ሲወጣ ያልቃል። ሩሃማ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ነው የወለደችው፤ ቁስሏ አመርቅዞ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተመልሳለች። ባሏ ከባድ መኪና ነጂ ነው፤ ከወጣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይቀራል። እኔ ከሄድኩ ልጂቱን ማን ያነሳላታል? አልቅሳ ያዘችኝ። "ልጇ እዚህ ነዋሪ የሆነች እናት" ተብዬ ቪዛዬ እንዲራዘም እናመልክት አለችና ጠበቃ ዘንድ ይዛኝ ሄደች።

ጠበቃው ቀጭን ሰው ነው። ሲያዳምጥ ዓይኑን ይጨፍናል፤ የተኛ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። "አገር ቤት ሌላ ልጅ አለዎት ወይ?" አለኝ በሩሃማ አፍ። "አለኝ እንጂ! ጸጋው የሚባል፣ ጎበዝ አራሽ፣ ከጀርባዬ ሸክም የሚቀበለኝ፣ አንድ ቀን ፊቱን አዙሮብኝ የማያውቅ" ብዬ የልጄን ሙያ ዘረዘርኩ። እኔ ይህን ያህል ተናግሬ ሩሃማ በሁለት ቃል ጨረሰችው። ምን ብለሽ ነው ያሳጠርሽው ብላት እጄን ይዛ አስነሳችኝ። ውጭ ስንወጣ ነገረችኝ። አገር ቤት የሚጦረኝ ሰው ካለ ማመልከቻው ይደክማል፤ ከሌለ ይበረታል ብሏል። ስለዚህ ከቀበሌ "ወይዘሮ እቴናት ጧሪ ቀባሪ የላቸውም" የሚል ባለ ማህተም ወረቀት ይምጣ አለችኝ።

አማረ፣ ተናድጄ ጥያት ቀድሜ ሄድኩ። በማላውቀው ከተማ! ሁለት መንገድ ተሻግሬ የት እንዳለሁ ጠፋኝ፤ መጥታ እጄን ይዛ መለሰችኝ። ቁጣዬ ግን እስካሁን አልበረደም። አምጬ የወለድኩትን፣ ያጠባሁትን ልጅ የለም ብዬ ላስጽፍ? ይህ ሟርት ነው። አንተስ ምን ትላለህ? ደግሞ ለጸጋው እንዳትነግረው፤ አደራ።

እህትህ እቴናት

*

ይጁቤ
ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለሜ ለእቴናት፤ በረዶ ላይ ለተቀመጠችው

እታለም፣ ሰላምታዬ ከደጅሽ ካለው በረዶ ይብዛ፤ እንደሱ ግን አይቅለጥ። እኛ ደህና ነን። ወፍጮው ናፍጣ ሲያገኝ ይዞራል፤ ሲያጣ እኔ እዞራለሁ። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል። ቀይዋ ላም ወንድ ጥጃ ወልዳለች። የኔአለም ደህና ናት፤ አማቴ ከሄዱ ወዲህ የሚቆጣኝ አጣሁ ትላለች።

ለጸጋው እንዳትነግረው ያልሽውን በተመለከተ ይቅርታ አድርጊልኝ። ዓይኔ ለቅርብ ነገር እንደማይሠራ እያወቅሽ ደብዳቤሽን ማን ያነብልኛል ብለሽ ነው? ያነበበልኝ ራሱ ጸጋው ነው። "እንዳትነግረው፤ አደራ" የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁን አሳምሮ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። ወፍጮ ቤት የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። አሁንም እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። (እማ፣ እኔ ጸጋው ነኝ። ጋሼ የሚናገረውን ሁሉ አልጽፍም፤ ናፍጣ ነጋዴውን የሰደበውን ዘልዬዋለሁ።)

ስለ ወረቀቱ እንዲህ አስባለሁ። ወረቀት ወረቀት ነው። እዚህ አገር ለማዳበሪያ ሲባል ያልተወለደ ልጅ ስንት ጊዜ ተመዝግቧል፤ የተወለደ ለአንድ ቀን ቢሰረዝ ሰማይ አይወድቅም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ቀበሌው ከጻፈው በኋላ ደብረ ማርቆስ ሄዶ መተርጎምና ማህተም መመታት አለበት። ከዚህ እስከዚያ ያለውን መንገድ ደግሞ አላምነውም። አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ማን ዘጋው ተብሎ አይጠየቅም፤ ተዘግቷል ከተባለ መመለስ ነው። እኔ ልሂድ ብለው ይህ ልጅሽ "አንተ ወገብህን ይዘህ ተቀመጥ" ብሎ አሾፈብኝ።

ለእኔ ብለሽ አንድ ነገር ላኪልኝ፤ የማንበቢያ መነጽር። ጸጋው ሲያነብልኝ ደስ የሚለውን ብቻ እየመረጠ ይሁን ሁሉንም ማወቅ አልቻልኩም።

ታናሽሽ አማረ

እማ፣ ከዚህ በታች ያለው የራሴ ነው። ጋሼ አልሰማውም። ሩሃማ እህቴ ናት። ታማ፣ ጨቅላ ታቅፋ ብቻዋን ከምትቀር እኔ ወረቀት ላይ ባልኖር ይሻላል። አንቺም አሁን አትምጪ። ለምን እንደሆነ አልጽፍም። ወረቀት ላይ ባልኖር ማሳው ላይ አለሁ፤ ስትመጪ መጥተሽ ታዪኛለሽ። መልስሽን እጠብቃለሁ። ጸጋው

*

ጎተንበርግ
ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአማረ፤ ለአንባቢውም ለጸጋው

እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ ይሰውራችሁ። ጾሙን እንደምን ይዛችሁታል? እኔ እዚህም ሽሮ አላጣሁም። ሩሃማ ግን ቁስሏ እስኪጠግግ ቄሱ ፈቅደውላት ትበላለች።

ደብዳቤያችሁን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቴ ሳቅኩ፣ በሦስተኛው አለቀስኩ። ጸጋው፣ አንተን ነው የማናግረው። ጧሪ ቀባሪ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ዓይኔን የምትከድነው አንተ ነህ፤ አፈር የምታለብሰኝ አንተ ነህ። እኔ በዚህ አገር ሞቼ ማሽን እንዲቀብረኝ አልፈልግም። አንተን ይዤ ተመክቼ በተቀመጥኩበት፣ ራስህ ተነስተህ "የለሁም" ብለህ ማህተም ልታስመታ ነው? የቀበሌውን ደጅ እንዳትረግጥ። ማርቆስም እንዳትሄድ። በእናትነቴ ከልክዬሃለሁ።

ሩሃማ ማመልከቻውን ያለ ወረቀቱ አስገብታዋለች። መልስ እስኪመጣ መቆየት ይቻላል ብሏል ጠበቃው። ከፈቀዱ ይፍቀዱ፤ ካልፈቀዱ ለጥምቀት ከች እላለሁ። ይህን ስነግራት ልጂቱን አቅፋ ወደ መስኮቱ ትዞራለች። ትናንት ደግሞ "እማ፣ እዚያ ያለውን ብታውቂ መመለስን አታነሺም" አለችኝ። ምን አለ ስላት ስልኳን ኪሷ ከተተች። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይም የአገራችን ሰዎች ስለ እኛ አገር መንገድ ያወራሉ፤ እኔ ስጠጋ ወሬውን ወደ ብርዱ ያዞሩታል።

እናንተም "ለምን እንደሆነ አልጽፍም" ትላላችሁ። እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ? ግልጹን ጻፉልኝ።

አማረ፣ መነጽርህን ገዝቻለሁ። ሁለት ነው፤ በአንዱ ላይ እንደምትቀመጥበት ስለማውቅ። ወደ አገር የሚገባ ሰው ሲገኝ እልከዋለሁ። የኔአለምን አቅፈህ ሳምልኝ፤ ያን የቆዳ አቁማዳዬን አይጥ እንዳይበላው ከፍ አድርጊው በላት።

እህትህ፣ እናትህ እቴናት

*

ደብረ ማርቆስ
ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ

እማ፣ ይኸው ማርቆስ ገባሁ። ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በመኪና ነው የመጣሁት። ከዚህ ጋር ያለው ፎቶ ወረቀቱ ነው፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተመትቷል። አስተርጓሚው "ወንድም፣ እኚህ ሴት ምንህ ናቸው?" ሲለኝ "ጎረቤቴ ናቸው፣ ልጅ የላቸውም፣ ያሳዝናሉ" አልኩት። አዝኖልሽ ቶሎ ጨረሰልኝ።

ከአንቺ መልስ ስጠብቅ ወር ሊሞላ ነው። ዝምታሽን እሺታ ነው ብዬ ወሰድኩት። ልደውልልሽ ሞክሬ ነበር፤ መስመሩ ድምፅ አይችልም፣ ፎቶም በመከራ ነው የሚያሳልፈው። ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እነሳለሁ፤ ጤፉ ክምር ላይ ነው፣ መወቃት አለበት። ለሩሃማ ልጅ ስም ስታወጡ ጠይቁኝ። አጎት ነኝ፤ ወረቀት ላይ ባልኖርም።

ጸጋው

*

ይጁቤ
ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለወይዘሮ እቴናት

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰሽ። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት አለን። ይህን የሚጽፍልኝ መምህር ድረስ ነው።

የታኅሣሥ አራቱ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ገና ትናንት ነው። ምን እንዳቆየው ድረስም አያውቅም። ወረቀቱ ግን ቀድሞ እንደ ደረሰሽ ሰምቻለሁ። ለጠበቃው ስጪው፤ አትመልሺው። ቪዛሽን አራዝሚና እዚያው ሁኚ። ለጥምቀት እመጣለሁ ያልሽውን ተይው። መንገዱም፣ ቤቱም፣ እኛም አሁን ለእንግዳ አንመችም።

ጸጋውን ብትጠይቂኝ ወደ ቆላ ወርዷል። ሥራ አለ ብለውት ነው። እዚያ ስልክ የለም። የሚመለስበትን ቀን አላውቅም።

የኔአለም እኔ ቤት ናት። ደህና ናት። ጤፉን ጎረቤት ተሰብስቦ ወቅቶ አስገብቶላታል። ስለ ከብቶቹም አታስቢ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የጸጋውን የክርስትና ስም ላኪልኝ። ለጸሎት ነው። የኔአለምን ብጠይቃት አታውቀውም፤ የተጋቡት በቁርባን ሳይሆን በሰማንያ ነው፣ ነግሯትም አያውቅ። የክርስትና አባቱ ካረፉ ቆዩ። አንቺ ጉንደ ወይን ስትኖሪ የተጠመቀ ስለሆነ በእኛ ደብር የሚያውቀው ሰው የለም። ጉንደ ወይን ድረስ ሰው ልኬ ነበር፤ ከመንገድ ተመለሰ። ስሙን ብቻ ላኪልኝ።

መነጽሩ ይቅር። የማነበው ነገር የለኝም።

አማረ

*

ጎተንበርግ
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአማረ

በእናታችን አጥንት ይዤሃለሁ፣ ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለህ ስማ። ድረስም ሲያነብልህ አንድ ቃል እንዳይዘል።

ከመቼ ወዲህ ነው ወይዘሮ የምትለኝ? ስትወለድ እትብትህ ሲቆረጥ ያየሁ ሰው ነኝ። አንድ ቀን እታለም ሳትለኝ፣ አንድ ቀን ሳታሾፍብኝ ጽፈህ አታውቅም። የአሁኑን ደብዳቤህን የጻፈው የቀበሌ ጸሐፊ መሰለኝ።

ጸጋው ቆላ ወርዷል ትለኛለህ። ጤፍ ተከምሮ ቆላ የሚወርድ አራሽ የት አገር አይተሃል? በእጁ "ጤፉ መወቃት አለበት" ብሎ ጽፎልኝ ከማርቆስ ወጥቶ ቤቱን ሳይረግጥ ቆላ ወረደ? ጎረቤት ተሰብስቦ ወቃላት ትላለህ። ባሏ ሥራ ለሄደባት ሴት ጎረቤት ተሰብስቦ አይወቃም። የኔአለምስ የራሷ ቤት እያለ አንተ ዘንድ ምን ትሠራለች? ሰላምታ እንኳን አልላከችልኝም።

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ። የክርስትና ስም መቼ እንደሚጠየቅ አውቃለሁ። ለታመመ ይጠየቃል። ጠበል ለሚገባ ይጠየቃል። ሌላም ጊዜ ይጠየቃል፤ እሱን አልጽፈውም። ታሞ ከሆነ ታሟል በለኝ። ታስሮ ከሆነ ታስሯል በለኝ፤ እግሩን አጥቶ ከሆነም በአንድ እግሩ እቀበለዋለሁ። "ለጸሎት" ብቻ ብለህ ግን አትለፈኝ። ይህን ሳትነግረኝ ስሙን አልልክም። ስሙ እኔ ዘንድ እስካለ ድረስ ልጄ የትም አይሄድብኝም።

እዚህም ነገሩ ሁሉ ተለዋውጦብኛል። ሩሃማ ከገና ጀምሮ አንድ ጥቁር ሹራብ ለብሳ አላወለቀችውም። ምነው ስላት በርዶኝ ነው ትለኛለች። ወረቀቱን ለጠበቃው እንዳትሰጪ ብዬ ነበር፤ እንደ ደረሰ ወስዳ ሰጥታዋለች። እኔ ወደ አገሬ ስለመመለስ ሳነሳ ዱሮ ትቆጣ ነበር፣ አሁን አትቆጣም፤ እጄን ትስመዋለች።

ቅዳሜ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን የማኅበሩ ሰዎች ጥየቃ ብለው መጡ። ወይዘሮ ሥራነሽ የሚሏት የጎንደር ሴት ትመራቸዋለች፤ ሌላ ጊዜ ገብታ ተቀምጣ እስክትወጣ ምላሷ አያርፍም። ትልቅ ዳቦ ይዘው ገቡና ግድግዳውን ተደግፈው ተደረደሩ። እኔ "በሉ ተጫወቱ" እላለሁ፣ እነሱ እርስ በርስ ይተያያሉ። ሥራነሽ ጉሮሮዋን ትጠርግና አፏን ከፈት ታደርጋለች፤ ሁሉም አንገቱን ይደፋል፤ ከዚያ "ዘንድሮ ብርዱ እንዴት ከበደ!" ብላ ትመልሰዋለች። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገች። በመጨረሻ ዳቦውን ሳይቆርሱ ተነሱ። በር ላይ ሥራነሽ አቅፋኝ ቶሎ አልለቀቀችኝም። እኔም ምን ሆናችኋል ብዬ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ፈራሁ፣ አማረ። በሕይወቴ ሰው ፈርቼ አላውቅም፤ ዳቦ የያዙ ሰዎች አስፈሩኝ።

ልጄን በእጁ እንዲጽፍልኝ አድርግ። አንዲት መስመር ትበቃኛለች።

እቴናት

*

ይጁቤ
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለሜ

ይህን ራሴ ጻፍኩት። ፊደሉ ቢንጋደድ አትፍረጅብኝ። ድረስን ማስጻፍ አልፈለግኩም።

ያልሽው ሁሉ ተነቦልኛል። ድረስ አንድም አልዘለለም፤ ሲያነብ ግን ሁለት ጊዜ ወጥቶ ተመልሷል። ጸጋው ቆላ ነው ብያለሁ፣ ቆላ ነው። ከዚህ ሌላ ከእኔ እጅ በወረቀት የሚወጣ ነገር የለም።

እናታችን ስታርፍ አንቺ ጉንደ ወይን ነበርሽ። ሰዎቹ ጎህ ሲቀድ በርሽን እስኪያንኳኩ ድረስ መንገድ ላይ ያገኘሽ ሁሉ "እናትሽ ደህና ናቸው" እያለ ያሳልፍሽ ነበር። እኔም ገበያ ላይ አግኝቼሽ ደህና ናት ብዬሽ ነበር። በኋላ አልተቆጣሽኝም። ወጉ ነው ብለሽ ነበር። ያን ጊዜ እንዳልተቆጣሽኝ አሁንም አትቆጪኝ።

ቄሱ በየቀኑ ስሙን ይጠይቁኛል። ነገ ይደርሳል እያልኩ አቆይቻቸዋለሁ። ከጥር ሃያ ስድስት ማለፍ ግን የለበትም። የኔአለምም ደጅ ደጁን እያየች የአንቺን መልስ ነው የምትጠብቀው።

ስሙን ላኪልኝ፣ እታለሜ። ለምንሽ ብዬ አላውቅም፤ ዛሬ ለምኜሻለሁ።

ታናሽሽ አማረ

*

ጎተንበርግ
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ አማረ

እግዚአብሔር ያጽናህ። የኔአለምንም ያጽናት።

ይህን ያስቀደምኩት ማንም ነግሮኝ አይደለም። አንተ አልጻፍክልኝም፤ እዚህም አፉን የከፈተ የለም።

ዛሬ ጠዋት ጠበቃው ደወለ። ቪዛዬ ለአንድ ዓመት ተራዘመ። "እንኳን ደስ አለዎት" አለኝ፤ ይህቺን ከሩሃማ ተምሮ በአማርኛ ነው ያላት። ከሁሉ የጠቀመን ከአገር ቤት የመጣው ወረቀት ነው፣ አንድም ነገር አልተጠራጠሩበትም አለ። አመሰግናለሁ ብዬ ስልኩን ለሩሃማ ሰጠኋት።

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤህ መጣ። ፊደልህ እንደ ተበተነ ባቄላ ነው፤ ጥር ሃያ ስድስትን ግን አጥርተህ ጽፈሃታል። ከዚያች ቀን ተነስቼ ወደ ኋላ በጣቴ ቆጠርኩ። አርባ ስል ታኅሣሥ አሥራ ሰባት ላይ ደረስኩ። ያን የልጄን ወረቀት ከትራሴ ሥር አወጣሁት። ታኅሣሥ አሥራ ስድስት ይላል። "ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እነሳለሁ" ይላል። ሌላ ቆጠራ አላስፈለገኝም።

ሩሃማን ጠራኋት። ገና ምንም ሳልጠይቃት እግሬ ላይ ወደቀች። ያን ማርቆስ እንዳትሄድ ብዬ የከለከልኩበትን ደብዳቤ አልላከችውም ነበር። ወረቀቱ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት በስልኳ ይዛዋለች፤ ወረቀቱ ከደረሰ በኋላ ነው ለድረስ የላከችለት። "ከላክሁት ጸጋው ይቀራል፣ አንቺም ትሄጂብኛለሽ ብዬ ነው" አለችኝ። እሱም እዚያ ተቀምጦ ዝምታዬን እሺታ ነው አለ። እኔ ዝም አላልኩም ነበር፣ አማረ። እናቱ ጮኻ ነበር፤ ይህን ለየኔአለም ንገርልኝ።

ልጄን አልረገምኳትም። ይቅር ብዬሻለሁም አላልኳት፤ እሱ ገና አልመጣልኝም። ቁስሏ እንዳይከፈት ከመሬት አነሳኋትና አስተኛኋት። ሕፃኗ አለቀሰች፤ እሷንም እናቷ እንድታጠባት ወስጄ ጎኗ አስተኛኋት። እንግዲህ ያለችኝ ልጅ ሩሃማ ናት።

ከዚያ ለሩሃማ እንዲህ አልኳት። "ለወይዘሮ ሥራነሽ ደውዪላት። ነገ ጎህ ሲቀድ ሰዎቿን ይዛ ትምጣ። በሩን እኔ እከፍትላቸዋለሁ። ዳቦ አይያዙ።" ነጠላዬን ዘቅዝቄ ወንበሩ ላይ አስቀምጫለሁ። ስለዚህ አንተም ወጉን አልሰበርክም። መርዶዬን የምሰማው ነገ ነው፤ እስከዚያ ይህን ደብዳቤ ልጨርስልህ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። እንዴት እንደሆነ፣ ማን እንዳገኘው፣ የት እንዳሳረፋችሁት በወረቀት አትንገረኝ። ስመጣ መቃብሩ ላይ ቁጭ ብለን ትነግረኛለህ።

ለአርባው አልደርስም። መንገዱም አያስገባኝም፣ የታመመች አራስም ጥዬ አልወጣም። ለሙት ዓመቱ ግን ቪዛ ኖረኝ አልኖረኝ እመጣለሁ፤ ሩሃማም ሰምታለች። የኔአለምን ወደ ቤቷ መልሳት። ቤቱም ማሳውም የእሷ ነው፤ ከባሌ ዘመዶች ማንም እንዳይናገራት። መነጽርህን ይዤልህ እመጣለሁ። ይቅር ያልከውን አልሰማሁም።

ክርስትና ያስነሳነው ጉንደ ወይን ሳለን በአርባ ቀኑ ነው። ዝናብ ነበር። አባቱ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በጋቢው ሸፍኖት ከፊት ከፊት ይሮጥ ነበር፤ እኔ በጭቃው ከኋላ። ውሃው ሲነካው በኃይል ጮኸ፣ ቄሱ ሳቁና "ይህስ ጧሪ ይሆንሻል" አሉኝ። ስሙንም በጆሮዬ ነገሩኝ። ለሰው አውጥቼው አላውቅም ነበር።

አሁን ለቄሱ ንገራቸው። አካለ ወልድ ነው።

እናቱ እቴናት